ጌጃ ሰፈርን ስናጠና

ዛሬ ግንቦት ልደታ ነው። እኔ ባለሁበት በኖርዌይ አገር ግን ግንቦት ገና ግንቦት መሆኑን አላወቀም፤ ዛፉ ቅጠል ላውጣ አላውጣ እያለ ያመነታል፣ ከጥግ ጥጉ የተረፈ በረዶ አለ። ቢሆንም እመቤቴ ልደቷን ያለ ንፍሮ አታሳልፍብኝም ብዬ ከጠዋት ጀምሬ ስንዴና ባቄላውን፣ ትንሽ ሽምብራም ጨምሬ ጥጄዋለሁ። የባቄላው ሽታ ቤቱን ሞልቶ መስኮቱን ላብ ሲያስመታው የልጅ ልጄ ሶልያና ከትምህርት ቤት መጣች። ቦት ጫማዋ እስከ አፉ ጭቃ፣ ፀጉሯ ላይ ደረቅ ቅጠል፣ ጉንጯ የበሰለ ቲማቲም መስሏል።

«እማማ፣ ዛሬ ክፍል አልገባንም! ጫካ ነው የዋልነው!»

«በዚህ ብርድ? ምን ልታደርጉ?»

«ልንማር ነዋ! ጉንዳን ቤቱን ሲሠራ አየን። ወንዙ ከየት እንደሚመጣ አየን።» ከዚያ እንዳላዝንባት የፈራች ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ ልጅ ሆነሽ ጫካ ነበራችሁ?» አለችኝ።

«ጫካ አልነበረንም ልጄ። ጌጃ ሰፈር ነበረን» አልኳት። ምን እንደማለቴ ሳይገባት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከድስቱ ሥር እሳቱን ቀንሼ ተቀመጥሁና ሐሳቤ ይዞኝ ነጎደ።

በዚያን ጊዜ ልደታ እንደ ዛሬው ፎቅ አልነበረባትም። ያየ ሰው አሁን መንገዱ ይጠፋብሻል ይለኛል፤ አላምንም። እግሬ ያውቀዋል። ከማርያም በር ወጥተሽ ጧፍና እጣን ከሚሸጡት ሴቶች አጠገብ ታልፊያለሽ፤ ከዚያ ኅብረት ሱቁ አለ፤ ስኳርና ሳሙና መጣ የተባለ ቀን ሰልፉ ጥግ ዞሮ ይጠፋል፣ ሰው ሲደክመው በራሱ ምትክ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጣሳ አሰልፎ ይሄዳል፤ ጣሳውንም የሚደፍር አልነበረም። ከሱቁ ዝቅ ሲሉ ቦኖው። ከቦኖው ዝቅ ሲሉ የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ጌጃ ሰፈር፣ ጣራው ከጣራ የተቃቀፈ፣ አንዱ ቤት ሲያስነጥሱ ሌላው ቤት «ይማርሽ» የሚባልበት። ቆሎ በአምስት ሳንቲም የሴት መዳፍ ሙሉ ይሰፈር ነበር፤ የእኛን መዳፍ ሳይሆን የሻጯን ነው፣ ለዚህም መዳፈ ሰፊ ሴት እንመርጥ ነበር። ልብሳችን ካኪ ነው። ቀሚሴ የታላቅ እኅቴ የነበረ፣ ጠርዙ ሁለት ጊዜ የተዘረጋና የእጥፋቱ መስመር የማይለቅ። ጫማዬ ኮንጎ የሚሉት ፕላስቲክ፤ ፀሐይ ሲመታው ይለሰልሳል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ድንጋይ ነው። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቅቃል፤ እኛም በዜማው ላይ የራሳችንን ግጥም እየጨመርን፣ ወጥ አማረኝ፣ ሥጋ አማረኝ፣ እያልን ወደ ትምህርት ቤት እንሮጣለን። ጮክ ብለን አይደለም ታዲያ።

ክፍላችን ጠባብ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ሲጽፍ የሌላው ክርን ይነቃነቃል። ሳይንስና ኅብረተሰብ የሚያስተምሩን መምህር ጥላሁን ነበሩ። ቀጭን፣ ቡናማ ኮት ዘወትር የሚለብሱ፣ ኪሳቸው ከእስክሪብቶ ይልቅ ጠመኔ፣ ሲባጎና ጠጠር የሚበዛበት ሰው። ከአሮጊት እናታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ክፍሉን ዙሪያውን አዩና፣ «እዚህ ውስጥ አየርም ቦታ አላገኘ፤ ትምህርት በየት ይግባ?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት አንድ ጠዋት አሰልፈው ያወጡን ነበር። የአፈርን ዓይነት የተማርነው ከወንዙ ዳር በአሮጌ ጠርሙስ ውኃና አፈር በጥብጠን፣ አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከላይ ሲቀመጥ እያየን ነው። ብረት ሲሞቅ እንደሚረዝም ያየነው ከቀጥቃጮቹ ዘንድ ነው። ኅብረተሰብ ደግሞ፣ ውኃ ከየት መጥቶ ቦኖ ይደርሳል፣ በቦኖው ማን ቀድሞ ይቀዳል፣ ለምንስ ነፍሰ ጡር ሰልፍ አትጠብቅም፣ ይህን ሁሉ ሴቶቹን ራሳቸውን ጠይቁ እያሉ ይልኩን ነበር። ሴቶቹም አይሰለቹን። «ኑ እስቲ የጥላሁን ልጆች፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትጠይቁን ነው?» ይሉናል፤ አንዳንዷ እንስራዋን አሸክማን ትሸኘናለች፣ ያም ትምህርት ነው መቼስ።

ከሁሉ ግን በልቤ የቀረው የጥላው ትምህርት ነው። አንድ ረፋድ መምህር ጥላሁን ግቢው መካከል ቀጥ ያለ እንጨት ተከሉ። የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀመጡ፤ በሲባጎ የጥላውን ርዝመት ለኩ፤ ከዚያ «ጠጠሯን የነካ ከእኔ ጋር ተጣላ። ከምሳ በኋላ የምትችሉ ተመለሱ» አሉ። ተመለስን። ጥላው በቀትር አጥሮ፣ ዞሮ በሌላው ጎን እንደገና ረዝሞ ልክ የሲባጎውን ያህል ሲሆን ሁለተኛ ጠጠር አስቀመጡ። በሁለቱ ጠጠሮች መካከል ገመዱን ወጠሩና «ይሄ ነው ምዕራብ፣ ያ ነው ምሥራቅ» አሉን።

ጓደኛዬ ብርቄ፣ አፏ የማያርፍላት፣ «ቲቸር፣ ምሥራቅማ ፀሐይ የምትወጣበት አይደለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ድካም ለምኑ ነው?» አለች።

«ብርቄ፣ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አትመኚ። በታኅሣሥ በየረር ተራራ በኩል ትወጣለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ፈቀቅ ትላለች። እሷ ቤቷን ትቀያይራለች። ጥላን ብትጠይቂው ግን አይዋሽሽም።»

ከዚያ ዙሪያቸውን አዩ። ግቢው ውስጥ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናቶቻችሁ ጠዋት ሲቆሙ ወደየት ይዞራሉ?» አሉን። ለምን እንደሚቆሙ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅንም። በዚያን ዘመን ክፍል ውስጥ የማይባሉ ቃላት ነበሩ። እኔ ግን ገመዱን ዓይቼ የቤታችንን አቅጣጫ አሰብሁ፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ለጸሎት የምትቆምባት የግድግዳ ጥግ በዓይኔ መጣች፤ ልክ ነው። ልክ ገመዱ እንደሚለው ነው። እናቴ ማንበብ አታውቅም ነበር፣ ሳይንስ ያለው ነገር ከእሷ ጋር መስማማቱ ያን ቀን እንዴት እንዳስደሰተኝ አሁን እንኳ ልነግራችሁ አልችልም። እየሮጥሁ ሄጄ «እማዬ፣ ጥግሽ ልክ ነው!» አልኋት። «ልክ መሆኑን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ?» አለችና በኩርኩም ነካ አደረገችኝ። ፈገግታዋን ግን አልደበቀችም።

በቀጣዩ ጊዜ የሰፈራችንን ካርታ እንሥራ ተባልን። የሰፈሩ ከባድ ጊዜ ያለፈ ይመስል ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ልብስ ላይ እንደቀረ ጭስ ገና አልለቀቀም። ጎረቤታችን የነበረ አንድ ፖስተኛ «ለትንሽ ጥያቄ ትፈለጋለህ» ተብሎ ሄዶ ሳይመለስ፣ ካፖርቱ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነበር፤ ሚስቱ አቧራውን እያራገፈች መልሳ ትሰቅለዋለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው እኛ ልጆች ወረቀትና እርሳስ ይዘን፣ በሲባጎ መንገድ እየለካን፣ ቤት እየጠቆምን ጌጃ ሰፈር ውስጥ የወረድነው። ከማዶ ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አለ፣ ወታደር የሚጠብቀው። ሕፃን ምን ያውቃል? መምህራችንም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትምህርት ሲይዛቸው አደጋን በማየት ከሕፃን አይሻሉም ነበር።

መምህር ጥላሁን ወደኋላ ቀርተው ለቆርቆሮ ቀጥቃጩ አንድ ነገር ሲያስረዱ፣ እኛ ከፊት የቀደምነው ልጆች አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ፊት ደረስን። ከመካከላችን ሙሉጌታ የሚባል ልጅ ነበር፤ ዝም ማለት ስለማይችል «ሬዲዮ» ነበር የምንለው።

«እናንተ! ምን ታደርጋላችሁ እዚህ?» አለ ጠባቂው።

ሬዲዮ ደረቱን ነፋ። «ሰፈሩን እያጠናን ነው!»

ልብ በሉልኝ። ለእኛ ማጥናት ማለት የቤት ሥራ ነው፣ ፈተና ነው። ለጠባቂው ግን ሰፈር የሚያጠና ማለት ሌባ ነው፤ ሌባ ካልሆነ ደግሞ ከሌባ የባሰ። የሰውዬው ፊት ተለወጠ።

«ምን አልክ? ማን ነው ያስጠናችሁ?»

«ቲቸር! ማን የት እንደሚኖር፣ መንገዱ በየት እንደሚያስወጣ፣ ሁሉንም አጥንተን ጨርሰናል!»

ብርቄ በቁንጥጫ ልታስቆመው ሞከረች፤ «አንተ ሬዲዮ፣ ባትሪህ አያልቅም?» እያለች። ቃሉ ግን አምልጧል። መምህር ጥላሁን ሲደርሱ ጠባቂው ካርታውን ይዟል። «ጓድ መምህር፣ ለትንሽ ጥያቄ ቀበሌ ድረስ» አላቸው። «ለትንሽ ጥያቄ» ሲል ያ ካፖርት በዓይኔ ላይ መጣ። መምህር ጥላሁን «ልጆቹ ወደ ክፍል ይመለሱ» አሉ። ጠባቂው ግን «እነሱም ይምጡ፣ ምስክር ናቸው» አለ። ተከተልን። ቦኖው ጋ ስንደርስ ሴቶቹ ጨዋታቸውን አቆሙ። አንዷ እንስራዋ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላየችውም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ፣ ካኪ ልብሱ የተተኮሰ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ካርታውን ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው። እኛ ግድግዳውን ተደግፈን ቆመናል፤ ሬዲዮ እንኳ ዝም ብሏል። ሊቀመንበሩ ጣቱን ካርታው ላይ አስቀመጠ፤ ልደታ ማርያም ባለችበት። መምህር ጥላሁን ስሟን እንድንጽፍ አላደረጉንም ነበር፤ የዙሪያዋን ዛፎች ብቻ ነው የሣልነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛፎች ናቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ መምህራችን።

«ከዛፎቹ መካከልስ ምን አለ?»

«ጥላ አለ።»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አያቸው። «ስምህ ማነው?»

«ጥላሁን።»

አንዱ ጠባቂ ሊስቅ ብሎ ተወው። ሊቀመንበሩ ወደ እኛ ዞረና ከሁሉ ያነስሁትን እኔን ጠራኝ። «አንቺ ትንሿ፣ ነይ ወዲህ። አትፍሪ። ይሄ ሰውዬ ምንድን ነው የሚያስጠናችሁ?»

መምህር ጥላሁንን እንዳላይ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልሁ። ውሸት ኃጢአት ነው ብላ ያሳደገችኝ እናት አለችኝ፤ እውነቱን ብናገር ደግሞ የትኛው እውነት ሰው እንደሚያሳስር አላውቅም። በልቤ «እመቤቴ አንቺ ተናገሪልኝ» ብዬ አፌን ከፈትሁ።

«ምሥራቅን ስንፈልግ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ምን?»

«ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ... ሰው እንዳይሳሳት።»

እኔ የእናቴን የግድግዳ ጥግ ነበር የምለው። ምሥራቅ የሚባል ሌላ ነገር መኖሩን፣ የመንግሥታችን ወዳጆች «የምሥራቁ ጎራ» እንደሚባሉ የት አውቄ? ሊቀመንበሩ በመጀመሪያ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ሰማህ አንተ?» አለ ወደ ጠባቂው፤ «ምሥራቅን የሚፈልጉ ሕፃናት አስረህ አምጥተህልኛል! ምዕራብን ቢፈልጉ ኖሮ ምን ልታደርጋቸው ነበር?» ጠባቂዎቹ ሁሉ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ካርታውን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና፣ «ይሄ እዚህ ይቀራል። ጓድ መምህር፣ ከእንግዲህ በእኔ ቀበሌ 'ማጥናት' የሚባል ቃል ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ እንዳልሰማ። ገባህ?» አላቸው።

«ገብቶኛል።»

«በሉ ሂዱ። ልጆቹን ውኃ አጠጣቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል።»

ቦኖው ጋ ስንመለስ ሴቶቹ ሁሉ እንደቆሙ ነበሩ። ወረፋውን ለቀው አስቀድመው አጠጡን፤ መምህር ጥላሁንም እጃቸውን ውኃው ሥር ዘርግተው ደጋግመው ታጠቡ።

እንግዲህ ያን ሰሞን ሁላችንንም የጨነቀን አንድ ነገር ነበር፤ መምህራችን ከእንግዲህ ወደ ውጭ አይወስዱንም ብለን ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አይፈረድበትም። የሚቀጥለው የጉዟችን ጠዋት ሲደርስ መምህር ጥላሁን ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «የዕፅዋት ክፍሎች» ብለው ጻፉ። ሥር፣ ግንድ፣ ቅጠል። አራታችን ዴስካችን ላይ ተጣብቀን ያንን ገለበጥን። ከውጭ የቀጥቃጮቹ መዶሻ ይሰማል። ብርቄ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እጃቸው ሰሌዳው ላይ ቆመ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጡና ኮታቸውን አራገፉ።

«የከለከሉን ቃሉን ነው» አሉ። «መንገዱን አልከለከሉንም። ተሰለፉ።»

ብርቄ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ልናጠና ነው?»

«ዝም በይ ብርቄ! ልናይ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ «አየን» እንጂ «አጠናን» አላልንም። ሬዲዮን አንድ ሰው ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ሲጠይቀው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ በዓይኑ ብቻ ያሳይ ነበር፤ ጥሩ ሰፈርተኛ ያደረገችው ያቺ ቀን ናት።

በዚያው ዓመት ግንቦት ልደታ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሕዝቡ በዝቶ ከግቢው ውጭ ፈስሷል። ከአጥሩ ጥግ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የሳበ አንድ ሰው ለብቻው ቆሟል። ሊቀመንበሩ ነበር። አየኝ፤ አወቀኝ። ደነገጥሁ። እሱ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ፊቱን ከእኔ አዙሮ ቆመ። ወደየት እንደዞረ ለማወቅ እንጨትም ጠጠርም አላስፈለገኝም። ያን ዕለት በጠረጴዛው ኋላ ሲስቅ ምን ሰምቶ እንደሳቀ ያኔ ገባኝ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ዛሬ ነው የምጽፈው፤ እሱም ነፍሱን ይማረው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት ልጄ ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ይኸው አራሷ ተነሥታ ሕፃኗ ትምህርት ቤት ገባች፣ እኔም ቀረሁ። የደረስሁት በሰኔ ነበር። እዚህ በሰኔ ፀሐይ ለመጥለቅ አትቸኩልም፤ የወጣችም ጊዜ ከሰሜን ተጠግታ ነው የምትወጣው። እኔ ከሷ መውጫ ተነሥቼ ጥግ መርጬ፣ ሥዕለ ማርያምን ሰቅዬ ስጸልይ ሰነበትሁ። አንድ ነገር ግን ልቤን ቅር ይለዋል። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የመምህር ጥላሁን ድምፅ መጣልኝ፤ «እሷ ቤቷን ትቀያይራለች።» በነጋታው የመጥረጊያ እንጨት ይዤ ከሕንፃው ኋላ ሣሩ ላይ ተከልሁት። ጠጠር አስቀመጥሁ። የስጦታ ዕቃ ታስሮበት የመጣ ክር ሲባጎ ሆነልኝ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ከሰገነታቸው ሆነው ቡና እየጠጡ ቀኑን ሙሉ ሲመለከቱኝ ዋሉ፤ ምን እንደገመቱ እግዚአብሔር ይወቅ። ክሩን ስወጥር የመረጥሁት ጥግ ጭራሽ ስቷል። ትክክለኛው ምሥራቅ ከወጥ ቤት፣ በማቀዝቀዣውና በመስኮቱ መካከል ካለችው ጠባብ ግድግዳ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሏን ወደዚያ አዛወርኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቆም፣ ከእናቴ ስም ቀጥዬ የመምህሬን ስም እጠራለሁ። አገር ሲጠፋብኝ አቅጣጫ ያልጠፋብኝ በእሳቸው ነውና።

ንፍሮው በሰለ። ግንቦት ልደታ ከቤት ውጭ ነው የሚበላው ብዬ ሶልያናን ይዤ ሣሩ ላይ ወጣን፤ ብርድ ልብሱን አንጥፈን፣ ሳህኑን መካከል አደረግን። ፀሐይ ወጣ ብላለች። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋት። ስጨርስ ሄዳ እንጨት ፈልጋ ተከለች፤ የጥላው ጫፍ ላይ አንዲት የሽምብራ ፍሬ አስቀመጠች። «ጠጠር ነው እንጂ ምግብ አይሆንም» ልላት ብዬ ተውሁት። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከሰገነታቸው ጎንበስ ብለው በአገራቸው ቋንቋ ምን እያደረጋችሁ ነው ብለው ጠየቁ። ልጅቱ በየትኛው ቋንቋ እንደምትመልስ ሳታስብ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ በአማርኛ ጮኸች።

«ሰፈሩን እያጠናን ነው!»

ሳላስበው ዘወር ብዬ ኋላዬን አየሁ። ማንም አልነበረም። ሽማግሌው ያልገባቸውን በፈገግታ እየተቀበሉ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ሣሩ ላይ የእኔ ጥላና የሕፃኗ ጥላ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ የእሷ አጭር፣ የእኔ ረጅም። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ፣ «እሰይ ልጄ» አልኋት፤ «አጥኚ። ጮክ ብለሽ አጥኚ።»